ንጉሡ በሱሳ፣ ትእዛዙ በሰርዴስ፦ የጥንቷ ፋርስ እንዴት ትተዳደር ነበር?

መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር የሚነግረን የአንድ ንጉሥ ግዛት ስፋት ነው፤ ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በ127 አገሮች ላይ ነግሦ ነበር ይላል። እዚያ ላይ ኢትዮጵያ የተባለው ከአስዋን በስተ ደቡብ የነበረው የኩሽ ምድር ነው። አነጋገሩ የተጋነነ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ታላቁ ዳርዮስ በፐርሴፖሊስ ባሠራው አዳራሽ መሠረት ሥር ባስቀበራቸው የወርቅና የብር ሰሌዳዎች ላይ፣ መንግሥቱ ከሶግዲያና ማዶ ከሚኖሩት ሳካዎች እስከ ኩሽ፣ ከህንድ እስከ ሰርዴስ እንደሚደርስ አስጽፏል። በዛሬው ካርታ ከፓኪስታን እስከ ቱርክ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከመካከለኛው እስያ እስከ ግብፅ ደቡባዊ ጫፍ መሆኑ ነው።

ይህን ያህል ምድር በጦር መያዝ ይቻላል። ታላቁ እስክንድርም ከጊዜ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዞታል፤ እሱ እንደሞተ ግን የጦር አለቆቹ ተከፋፈሉት። ፋርስ ግን ከ200 ዓመት በላይ ይዛ አቆየችው። በሱሳ ካለው ቤተ መንግሥት እስከ ምዕራብ ጠረፍ በእግር ሦስት ወር የሚያስኬድ አገር በአንድ ንጉሥ ስም እንዴት ይተዳደራል?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የቂሮስ ደግነት፣ ሌላው የምሥራቅ ነገሥታት ጭካኔ። ሁለቱም አያሳምኑኝም። ፋርሶች ከገዟቸው ሕዝቦች የሚጠይቁት ጥቂት ነገር ነበር፤ የጠየቁትን ግን አንድም ሳያስቀሩ በጽሑፍ ይከታተሉት ነበር። የዕድሜያቸው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ቂሮስ የያዘው፣ ዳርዮስ ያደራጀው

ቂሮስ በ559 አካባቢ ሲነግሥ የነበረው በዛሬይቱ ኢራን ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ አንሻን የምትባል ትንሽ አገር ነበረች። በ550 የሜዶንን ንጉሥ አስቲያጅስን ማረከ። የባቢሎን ዜና መዋዕል እንደሚለው የአስቲያጅስ ወታደሮች ከድተው ንጉሣቸውን ለቂሮስ አሳልፈው ሰጡት። ቀጥሎ ልድያን ከነዋና ከተማዋ ከሰርዴስ፣ በ539 ደግሞ ባቢሎንን ያዘ። ልጁ ካምቢሰስ በ525 ግብፅን ጨመረ። በ25 ዓመት ውስጥ በአካባቢው የነበሩት አራት ታላላቅ መንግሥታት በአንድ ቤተሰብ እጅ ገቡ።

አያያዙ ግን ገና ልል ነበር። በ522 ካምቢሰስ ሲሞት አገሩ ሁሉ ተናጋ። ዳርዮስ ዙፋኑን የያዘው በዚያ ትርምስ ውስጥ፣ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የነገሠውን ሰው ገድሎ ነው። «የገደልኩት የቂሮስን ልጅ ባርድያን አይደለም፤ ባርድያ ነኝ ብሎ ሕዝቡን ያታለለ ጋውማታ የሚባል ካህን ነው» ይላል። ብዙ የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት ይህን ይጠራጠራሉ፤ እኔም እጠራጠራለሁ። ካምቢሰስ ወንድሙን ባርድያን በስውር ገደለ፣ የሞተውን የሚመስል ሰው ነገሠ፣ ማንም አላወቀም የሚለው ታሪክ ለነገሠው ለዳርዮስ እጅግ የሚመች ታሪክ ነው።

እውነቱ ያም ሆነ ይህ፣ ባቢሎን፣ ሜዶን፣ ኤላምና ፋርስ ራሷ ሳይቀሩ ዐመፁ። ዳርዮስ በአንድ ዓመት ውስጥ 19 ጦርነት ተዋግቼ ዘጠኝ ነገሥታት ማረክሁ ይላል። ይህን ያስጻፈው በምዕራብ ኢራን በቤሂስቱን ገደል ላይ፣ በሦስት ቋንቋ፣ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ ነው። ጽሑፉ ያለበት ቦታ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ከሥር ቆሞ ማንበብ አይቻልም። ዳርዮስም ይህን ስለሚያውቅ ቅጂውን ወደየግዛቱ ላከ፤ ይህንንም በዚያው ጽሑፍ ላይ ይናገራል። አባባሉም እውነት መሆኑ ተረጋግጧል፦ የመንግሥቱ የደብዳቤ ቋንቋ በነበረው በአራማይክ የተዘጋጀው ቅጂ በፓፒረስ ተጽፎ፣ ከቤሂስቱን እጅግ በራቀችው በአስዋን አጠገብ ባለችው የኤለፋንታይን ደሴት ላይ ተገኝቷል። አዲሱ ንጉሥ ገና ከመነሻው የተማመነው በሁለት ነገር ነበር፤ በጦሩና በደብዳቤው።

አገረ ገዥን የገደለ ደብዳቤ

ግዛቱ ሳትራፕ በሚባሉ አገረ ገዥዎች ይተዳደር ነበር። ሳትራፑ ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል፣ ጦር ያሰልፋል። ብዙዎቹ የንጉሡ ዘመዶች ወይም የትልልቅ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ከማዕከሉ ሦስት ወር በሚርቅ ቦታ የራሱ ግምጃ ቤትና የራሱ ጠባቂዎች ያሉት ሰው ነገ እኔ ንጉሥ ነኝ እንዳይል ምን ይከለክለዋል?

የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የሚተርከው አንድ ታሪክ ከየትኛውም ትንታኔ የበለጠ ያስረዳል። በሰርዴስ ኦሮይቴስ የሚባል አገረ ገዥ ነበር። ሹመቱን ያገኘው ከቂሮስ ነው። በ522ቱ ትርምስ ጊዜ ለማንም ሳይወግን ጎረቤቱን የዳስኪሊዮንን ገዥ ከነልጁ ገደለ። ዳርዮስ መልእክተኛ ሲልክበትም መልእክተኛውን ሲመለስ መንገድ ላይ አስገድሎ ሬሳውን ከነፈረሱ አስቀበረ። ሰውየው 1,000 ፋርሳውያን ጠባቂዎች ነበሩት፤ ፍርግያ፣ ልድያና ግሪኮች የሚኖሩባት የባሕር ዳርቻ ኢዮንያ በእጁ ነበሩ። ገና ዙፋኑ ያልጸናለት ዳርዮስ ጦር ቢልክበት ሌላ ጦርነት መክፈቱ ነው።

ስለዚህ መኳንንቱን ሰብስቦ ጠየቀ። ሠላሳ ሰዎች እኔ እሄዳለሁ አሉ፤ ዕጣ ተጣለና ባጋዮስ ለተባለው ወጣ። ባጋዮስ ጦር አልወሰደም። በልዩ ልዩ ጉዳይ ብዙ ደብዳቤዎች አስጽፎ በዳርዮስ ማኅተም አሳተማቸውና ሰርዴስ ገባ። ኦሮይቴስ ፊት ቀርቦ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ለጸሐፌ ትእዛዙ ሰጠው። ይህ ጸሐፊ የአገረ ገዥው ሰው አይደለም፤ ሄሮዶቱስ እንደሚለው በየአገረ ገዥው ዘንድ የንጉሡ ጸሐፊ ይቀመጥ ነበር።

ጸሐፊው ያነባል፤ ባጋዮስ የጠባቂዎቹን ፊት ያያል። ለማኅተሙ ሲያጎነብሱ፣ ለቃሉም ከዚያ በበለጠ ሲያጎነብሱ ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ «ፋርሳውያን ሆይ፣ ንጉሥ ዳርዮስ ኦሮይቴስን እንዳትጠብቁ ያዛችኋል» የሚለውን ደብዳቤ አስነበበ። ጦራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ይህን ሲያይ የመጨረሻውን ሰጠ፤ «ንጉሥ ዳርዮስ በሰርዴስ ያላችሁ ፋርሳውያን ኦሮይቴስን እንድትገድሉ ያዛችኋል» ይላል። ጠባቂዎቹ ጎራዴያቸውን መዘው ጌታቸውን እዚያው ገደሉት።

ሄሮዶቱስ ታሪክ ማሳመር ይወዳል፤ እያንዳንዱ ቃል እንዲህ ተብሎ ይሆናል ብዬ አልከራከርም። የሚያሳየው አሠራር ግን በሌሎች ሰነዶችም ይታያል። አገረ ገዥው ጠባቂ አለው፤ የጠባቂዎቹ ታማኝነት ግን ከእሱ አልፎ ለንጉሡ ነው። ጸሐፊም አለው፤ ጸሐፊው ግን የንጉሡ ዓይን ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ የምሽጉ አዛዥ ከአገረ ገዥው ተለይቶ ይሾም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከዳ ሥልጣኑ በሰዎች መካከል ተከፋፍሏል።

ጎተራ፣ ቀለብና መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1933 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቁፋሮ በፐርሴፖሊስ ምሽግ ውስጥ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ሰሌዳዎችና ስብርባሪዎች አገኘ። የተጻፉት ከ509 እስከ 493 ባሉት ዓመታት፣ በዳርዮስ ዘመን፣ አብዛኞቹም በኤላምኛ ነው። የጀግንነት ታሪክ የጠበቀ ሰው ያዝን ይሆናል፤ በሰሌዳዎቹ ላይ ያለው የገብስ፣ የዱቄት፣ የወይን ጠጅና የበግ ሒሳብ ነው። እኔ ግን ስለ ፋርስ ከተጻፈው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ግሪኮች ስለ ፋርስ የጻፉት ከውጭ ሆነው ነው፤ እዚህ ግን መንግሥቱ ለራሱ ሲጽፍ እናገኘዋለን።

የፐርሴፖሊስ አካባቢ አስተዳደር የበላይ ኃላፊ ፓርናካ ይባላል። የዕለት ቀለቡ ሁለት በግ፣ 90 ሊትር ያህል የወይን ጠጅና 180 ሊትር ያህል ዱቄት ነው። ይህ በእርግጥ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ለሚያድሩት አሽከሮችና ጸሐፊዎች ጭምር ነው። ተራው ሠራተኛ በወር 30 ሊትር ያህል እህል ያገኛል። የወለደች ሠራተኛ ተጨማሪ ቀለብ ይሰፈርላታል፤ የተወለደው ልጅ ወንድ ከሆነ ግን ለሴት ልጅ የሚሰጠውን እጥፍ። ኢርታሽዱና ለምትባል የንጉሡ ቤት ሴት 100 በግ እንዲሰጣት ዳርዮስ አዝዟል፤ ትእዛዙን ፓርናካ ለከብት ኃላፊው ያስተላለፈበት ደብዳቤ ዛሬም አለ። መቶ በግ ለንጉሥ ምንም አይደለም። ንጉሡ ሰጠ ሲባል እንኳ ግን ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ከየትኛው መንጋ እንደወጣ ይጻፋል፤ ማኅተምም ይደረግበታል።

መንገዱም የሚሠራው በዚሁ መዝገብ ነበር። ከሰርዴስ እስከ ሱሳ ያለው የንጉሥ መንገድ፣ እንደ ሄሮዶቱስ አቆጣጠር፣ 111 ማረፊያዎች ያሉት ሲሆን በእግር 90 ቀን ይወስዳል፤ ርዝመቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የንጉሡ ፈረሰኛ መልእክተኞች በየአንድ ቀን ጉዞ ርቀት ሰውና ፈረስ ተዘጋጅቶላቸው መልእክቱን ይቀባበላሉ፤ በረዶም ዝናብም ሙቀትም ሌሊትም አያግዳቸውም ይላል። ለሌላው የመንግሥት መንገደኛ ግን ድርጎ የሚሰፈርለት የታተመ የይለፍ ደብዳቤ ሲይዝ ብቻ ነው።

ከእነዚህ የይለፍ ደብዳቤዎች አንዱ ተርፎ እጃችን ገብቷል። የጻፈው የግብፅ አገረ ገዥ አርሻማ ነው፤ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በቆዳ ላይ፣ በአራማይክ። ነኽትሖር የተባለው የርስቱ አስተዳዳሪ ከምሥራቅ ወደ ግብፅ ሲጓዝ በየመንገዱ ያሉት ሹማምንት በቀን ይህን ያህል ነጭ ዱቄት፣ ይህን ያህል ተራ ዱቄት፣ የወይን ጠጅ ወይም ጠላ፣ አንድ በግ፣ ለአሥሩ አገልጋዮቹ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስፈሪያ ዱቄት፣ ለፈረሶቹም እንደ ቁጥራቸው ድርቆሽ እንዲሰጡት ያዝዛል። መጨረሻ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በአንድ ቦታ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ለተጨማሪው ቀን ምንም እንዳትሰጡት። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ መንግሥት አሁንም የአንዲት ቀን ድርጎ ይቆጥራል። ሹም በሕዝብ ጫንቃ ላይ ሰንብቶ እንዳይበላ የሚያደርገው ይህች አንዲት መስመር ናት።

ግብሩ

ሄሮዶቱስ ዳርዮስ ግዛቱን በ20 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቋሚ ግብር እንደደነገገ ጽፏል። ባቢሎን በዓመት 1,000 መክሊት ብር፣ ግብፅ 700 መክሊት፣ ህንድ 360 መክሊት የወርቅ ብናኝ። ፋርስ ራሷ ገባር አልነበረችም። ዝርዝሩ ምን ያህል ትክክል ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የፋርሶቹ የራሳቸው ጽሑፎች የግዛቶቹን ቁጥር ከጊዜ ጊዜ ይለዋውጡታል። ዋናው አዲስ ነገር ግን መጠኑ አስቀድሞ መታወቁ ነው። በ493 የኢዮንያ ግሪኮች ዐመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የሰርዴሱ ገዥ አርታፈርኔስ የከተሞቹን መሬት አስለክቶ በልኬቱ መሠረት ግብር ጣለ፤ ከተሞቹም እርስ በርሳቸው ከመዘራረፍ ይልቅ በዳኛ እንዲካሰሱ አስገደዳቸው። ያ የግብር ልክ እስከ ሄሮዶቱስ ዘመን ድረስ ሳይለወጥ ቆይቷል።

በጠረፍ ያሉት ደግሞ ግብር ሳይሆን እጅ መንሻ ያመጡ ነበር። ከግብፅ በላይ ያሉት የኩሽ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ጥቂት ያልነጠረ ወርቅ፣ 200 የዞጲ ግንድ፣ 20 የዝሆን ጥርስና አምስት ወንዶች ልጆች ያስገቡ እንደነበር ተጽፏል። እነዚያ አምስት ልጆች ስማቸው የትም አልተጻፈም። በፐርሴፖሊስ ደረጃዎች ግድግዳ ላይ ከተቀረጹት 23 የሕዝቦች ልዑካን የመጨረሻዎቹ ከኩሽ የመጡት ናቸው፤ የዝሆን ጥርስ ተሸክመው፣ ቀጭኔ ወይም ኦካፒ የሚመስል እንስሳ እየሳቡ። ቅርጹ በሙሉ ሰላማዊ ነው፤ የታሰረ ወይም የተገረፈ ሰው አይታይበትም። የአሦር ነገሥታት በግድግዳቸው ላይ የተቆረጠ ራስ ያስቀርጹ ነበር፤ ፋርሶች መታየት የፈለጉት በተቃራኒው ነው። ይህ ራሱ የአገዛዝ ዘዴ ነው። ልጆቹን ግን ቅርጹ አያሳይም።

የየአገሩ ሕግ ለየአገሩ

እ.ኤ.አ. በ1879 በባቢሎን የተገኘው የቂሮስ የሸክላ ጥቅል ዛሬ ለንደን ውስጥ ይገኛል። ብዙዎች የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ድንጋጌ ይሉታል። ይህ ስም አይገባውም። ጽሑፉ የባቢሎን ነገሥታት ቤተ መቅደስ ሲያድሱ ይጽፉት በነበረው ልማድ የተጻፈ ነው፤ የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ቂሮስን እንደመረጠው፣ ቂሮስም አማልክቱን ከነሕዝባቸው ወደየመቅደሳቸው እንደመለሰ ይናገራል። ሁሉም ሰው እኩል ነው አይልም። ይሁንና ዋጋው ትንሽ አይደለም፤ ድል አድራጊው በተሸናፊው ሃይማኖትና በተሸናፊው ቋንቋ ራሱን ሲያስተዋውቅ እናያለን። በመጽሐፈ ዕዝራ የይሁዳ ምርኮኞች ተመልሰው መቅደሳቸውን እንዲሠሩ የተፈቀደው በዚሁ መንፈስ ነው።

በግብፅም እንዲሁ ሆነ። ኡጃሖርረስነት የሚባል የግብፅ የባሕር ኃይል አዛዥ የነበረ ሰው ከድሉ በኋላ የካምቢሰስ ሐኪምና አማካሪ ሆነ፤ ለፋርሱ ንጉሥ የፈርዖንነት ስም ያወጣለትም እሱ ነው። የከተማው የሳይስ መቅደስ ከሰፈሩበት የውጭ ሰዎች እንዲጸዳ ለምኖ ተፈቀደለት። ዳርዮስ ደግሞ የግብፅ ሕግጋት ተሰብስበው እንዲጻፉ አዘዘ። በኢዮንያ ከዐመፁ በኋላ በ492 የፋርሱ ጦር አዛዥ ማርዶንዮስ የከተሞቹን አምባገነኖች ሽሮ ሕዝቡ ራሱን እንዲያስተዳድር አደረገ። ለንጉሡ ግብሩና ጸጥታው ከተጠበቀ፣ በከተማው ውስጥ ማን ይመርጣል ማን ይመረጣል የሚለው አያሳስበውም ነበር።

ይህ አካሄድ የሚፈተነው ግን ሁለት የአገሩ ሕዝቦች ሲጋጩ ነው። በኤለፋንታይን ደሴት ለፋርስ ንጉሥ የሚያገለግሉ የአይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። የኩሽን ድንበር የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የራሳቸው መቅደስ ነበራቸው፤ በጎኑ ደግሞ በበግ የሚመሰለው የግብፃውያን አምላክ የክኑም መቅደስ አለ። በ410 አገረ ገዥው አርሻማ ወደ ንጉሡ በሄደበት ጊዜ የክኑም ካህናት ከአካባቢው ገዥ ከዊድራንጋ ጋር ተስማሙ። ዊድራንጋ በአስዋን የጦር አዛዥ ለሆነው ልጁ ጻፈ፤ ወታደሮች መጥተው የድንጋይ በሮቹን አፈረሱ፣ የዝግባ ጣሪያውን አቃጠሉ፣ የወርቅና የብር ዕቃውን ዘረፉ።

አይሁዶቹ ማቅ ለብሰው ጾሙ፤ አቤቱታም ጻፉ። ለኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናት ላኩ፤ መልስ የለም። በ407 ለይሁዳው ገዥ ለባጎሂ እንደገና ጻፉ፤ ቅጂውን ለሰማርያ ገዥ ለሰንባላጥ ልጆች ላኩ። መጽሐፈ ነህምያን ያነበበ ሰው ሰንባላጥን ያውቀዋል፤ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሥራ ሲያውክ የነበረው ነው። በመጨረሻ የመጣው መልስ አጭር ማስታወሻ ነው፦ መሠዊያው በቀድሞ ቦታው ይሠራ፤ የእህል ቁርባንና ዕጣን ይቅረብ። ስለ እንስሳ መሥዋዕት አንድም ቃል የለም። የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችም በሌላ ደብዳቤ በግ፣ በሬና ፍየል እንደማይሠዉ ቃል ገብተው፣ ለባለሥልጣኑ ብርና 1,000 አርዳብ (የእህል መስፈሪያ ነው) ገብስ እንደሚሰጡ ጽፈዋል።

በዚህ ፋይል ውስጥ የፋርስ አገዛዝ ከነበጎውና ከነክፉው አለ። የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ አለው፤ ከአስዋን ተነሥቶ ኢየሩሳሌምና ሰማርያ ድረስ በአንድ ቋንቋ ይጻጻፋል፤ ውሳኔውም ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት ይሞክራል። ግን ደጅ መጥናቱ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ በጎን ገብስ መቅረብ ነበረበት፤ የበላዩ ገዥ ዞር ሲል የበታቹ ያሻውን ማድረግ ችሏል።

ብሩ ከየት ይመጣል?

የአገዛዙ ትልቁ ሸክም የወደቀው ገበሬው ላይ ነው። በነህምያ ምዕራፍ 5 ሕዝቡ የሚያሰማው ጩኸት የቤተ መንግሥት ዜና ሊነግረን የማይችለውን ይነግረናል፦ ለንጉሡ ግብር ብለን በእርሻችንና በወይን ቦታችን ተበድረናል፤ ልጆቻችንን ባሪያ አድርገን እየሰጠን ነው ይላሉ። የሚያበድሯቸው ፋርሳውያን አይደሉም፤ የገዛ ወንድሞቻቸው ባለጸጎች ናቸው። ንጉሡ በብር ይጠይቃል፤ ገበሬው ያለው ገብስ ነው፤ በመካከል አራጣ አበዳሪው ይቆማል።

ይኸው ነገር በባቢሎን ምድር በዝርዝር ይታያል። በኒፑር ከተማ የተገኙት የሙራሹ ቤተሰብ መዛግብት ከአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። መንግሥቱ ለወታደር «የቀስት መሬት» ይሰጥ ነበር፤ በእኛ አገር ማደሪያ ይባል እንደነበረው፣ መሬቱን የያዘው ሰው ሲጠራ ቀስቱን ይዞ ይወጣል፣ ግብርም ይከፍላል። ሙራሹዎች መሬቱን ከባለይዞታው ይከራያሉ፣ ለገበሬ መልሰው ያከራያሉ፣ ውኃውን፣ በሬውንና ዘሩን ያቀርባሉ፣ ግብሩን በብር ይከፍሉለታል። ባለይዞታው ሲያጣ ያበድሩታል፤ መሬቱም በወለድ አገድ እጃቸው ይገባል። መንግሥቱ ብሩን በወቅቱ ያገኛል። ወታደሩ ግን ቀስ በቀስ ከመሬቱ ይነቀላል። ፋርስ በኋለኛው ዘመን በግሪክ ቅጥረኞች ላይ እየተደገፈች የሄደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ያልተፈታው ጥያቄ

በዚህ ሁሉ ብልሃት ውስጥ አንድ ነገር ሳይደነገግ ቀረ፦ ንጉሥ ሲሞት ማን ይተካል? ዳርዮስ ራሱ ዙፋኑን በደም ያዘ። ልጁ ዜርክሲስ በ465 ተገደለ። በ424 ቀዳማዊ አርጤክስስ ሲሞት ሁለተኛው ዜርክሲስ አንድ ወር ተኩል ያህል ነግሦ በወንድሙ እጅ ተገደለ፤ ያንንም ሌላ ወንድም አጠፋው። በ401 ታናሹ ቂሮስ ከ10,000 በላይ የግሪክ ቅጥረኞች ይዞ በወንድሙ በንጉሥ ዳግማዊ አርጤክስስ ላይ ዘመተና በባቢሎን አቅራቢያ ኩናክሳ ላይ ሞተ። ግብፅ በ404 ገደማ ወጥታ እስከ 343 አልተመለሰችም። በ360ዎቹ የምዕራብ አገረ ገዥዎች ዐመፁ። በየጊዜው መንግሥቱ መልሶ ተነሣ፤ መዝገቡና መንገዱ ሥራቸውን ቀጥለው ነበርና።

ሁለተኛው ድክመት ከጥንካሬው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከሕዝብ ግብርና ጸጥታ ብቻ የሚፈልግ መንግሥት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከሕዝቡ የሚያገኘውም ያንኑ ያህል ነው። በ334 እስክንድር ሲገባ የሰርዴስ ምሽግ አዛዥ ግምጃ ቤቱን አስረከበው፤ ግብፅ ያለ ውጊያ ተቀበለችው፤ ከጋውጋሜላ ውጊያ በኋላ በ331 በዚያው ውጊያ ለፋርስ የተዋጋው ማዛዮስ ባቢሎንን ሰጠው። የጢሮስና የጋዛ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ተዋግተዋል፤ ስለዚህ ማንም አልቆመለትም ማለት ስሕተት ነው። በ330 ዳርዮስ ሣልሳዊ የተገደለው በራሱ አገረ ገዥ፣ በባክትርያው ቤሶስ እጅ ነው። እንደ ኦሮይቴስ ጠባቂዎች በማኅተም የሚታዘዝ ሰው በዚያ ሰዓት አልተገኘም።

እስክንድር ፐርሴፖሊስን አቃጠለ፤ አስተዳደሩን ግን አልነካውም። ማዛዮስን የባቢሎን ሳትራፕ አድርጎ ሾመው። ከዛሬይቱ ሰሜን አፍጋኒስታን የተገኙ በቆዳ ላይ የተጻፉ የአራማይክ ሰነዶች ሽግግሩን በቅርብ ያሳያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቤሶስ አርጤክስስ ተብሎ ራሱን ባነገሠበት ዓመት ለጉዞው የወጣለትን ስንቅ ይዘረዝራል። ሌላው ደግሞ በንጉሥ እስክንድር ሰባተኛ ዓመት፣ በ324፣ የተጻፈ የወጪ ዝርዝር ነው፤ ቋንቋውም የወሩ ስምም የፊተኛው ነው። ከእስክንድር ሞት በኋላ ምሥራቁን የያዘው ሰሌውቆስም ግዛቱን ለሳትራፖች ከፋፍሎ ገዛው።